«ኦኬ» የማይባልበት ቢሮ

በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት ቃል ይዞ ሰው ሥራ የሚያስፈታ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቢሮ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ።

የእኛው የግዢ ክፍል ኃላፊው፣ ክቡር ጋሽ ምንጩ ናቸው። ስማቸው አይደለም፤ «ምንጩን ታውቃለህ?» ከማለታቸው ብዛት ያወጣንላቸው ነው። ቃላቸው ደግሞ «ኦኬ» ናት።

አዲሷ ጸሐፊ ልታስፈርም ገብታ «ከሰዓት ተመለሺ» ሲሏት «ኦኬ» አለች። አለቀላት!

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ምንጩን ታውቂዋለሽ? አንዱ ከግሪክ ነው ይላል፣ ሌላው የድሮ ጋዜጠኞች ቀልድ ነው ይላል። አጠቃቀሙማ ጉድ ነው! ሳብ አድርገሽ ካልሽው ገና አላመንሽም። ቁርጥ ካደረግሽው ተቆጥተሻል። ከደጋገምሽው ደግሞ በቃ ልቀቁኝ ማለትሽ ነው።»

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለች ምስኪን። እሳቸው እቴ፣ መቼ ሊለቋት! ምሳዋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው በሙሉ «እሺ» እና «ይሁን» ባይ ሆነ። ሾፌራችን እንኳ ስልክ ሲያወራ አፉን ከልሎ ነው ኦኬ የሚለው። እኔማ ኮቴያቸውን ከሰማሁ በደረጃ ሽው ነው።

አንድ ቀን ግን በዚያው ደረጃ ሲወጡ አየኋቸውና ሊፍት ውስጥ ዘው አልኩ። ሊፍቱ ትንሽ ሄዶ ቀጥ አለ፤ መብራቱም ጠፋ። እኔ ደግሞ የተዘጋ ቦታ ነፍሴን ነው የሚያወጣው። በሩን ደበደብኩ፣ ጮህኩ፣ ላብ አጠመቀኝ። ውጭ ያለው ሁሉ ቴክኒሻን ፍለጋ ሲሮጥ ይሰማኛል። ከዚያ ጭጭ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ የምሞት መሰለኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ እዚህ ነኝ» አለ ከበሩ ወዲያ አንድ ድምፅ።

እሳቸው ናቸው! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም። ዝም ቢሉብኝስ? በምን ላቆያቸው?

«ኦኬ!» አልኩ ባለ በሌለ ኃይሌ።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። «ምንጩን ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። እየጠየቅኩ፣ እየተከራከርኩ፣ ትንፋሼ ተመለሰ። ግሪክን ጨርሰን ጋዜጠኞቹ ጋ ስንደርስ በሩ ተከፈተ።

«ይኸው ወጣህ» አሉና ወንበሩን ሊመልሱ ተነሱ። «ደረጃው በዚህ በኩል ነው፤ ታውቀዋለህ መቼም።»

ለካ ሽሽቴን ሲያውቁ ኖረዋል! አንጀቴን በሉት። ሌላ ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልኩ።

«የትም አልሄድም ጋሼ። ጋዜጠኞቹን ይጨርሱልኝ።»