ስለ አርባ አንድ በመቶው የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ቦታ፦ የቤታችን ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ
ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ከቀኑ ስምንት ተኩል ተጀመረ

የተገኙ፦
1. እናታችን፣ ሰብሳቢ
2. አባታችን፣ ጡረታ የወጡ ቤት ቀቢ፣ አባል
3. አክስታችን፣ የአባታችን እህት፣ የድንች ጥብስ ቤት ባለቤት፣ አባል
4. አጎታችን፣ የእናታችን ወንድም፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ፤ በየስብሰባው «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ስለሚሉ ዘመድ ሁሉ «ሥነ ሥርዓት» ይላቸዋል፣ አባል
5. ታላቅ እህቴ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ፤ ትምህርቱን በጀመረች ማግስት ቤቱ «ምሩቋ» ብሎ ሰይሟታል፣ ባለጉዳይ
6. እኔ፣ ታናሽ እህት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ (ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ እንጂ ጠይቄ አይደለም)

ያልተገኘ የለም። አጎታችን ምልዓተ ጉባኤው በቁጥር እንዲረጋገጥ ስለጠየቁ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። መጀመሪያ አምስት ሆነ፤ አጎታችን ራሳቸውን ረስተው ነበር። ሁለተኛው ስድስት ሆኖ ጸደቀ።

አጀንዳ 1፦ የምሩቋ ምርምር የደረሰበት ደረጃ

ምሩቋ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንድታስረዳ ተጠየቀች። ያስረዳችውም የሚከተለውን ነው። ጥናቷ ድንች ተጠብሶበት የወጣን ዘይት ናፍጣን ወደሚተካ ነዳጅ መቀየር ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከአክስታችን ቤት ነው። ለመቀየሪያው የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ በዘጠኝ መቶ ዲግሪ እቶን ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ዘይቱንና ሜታኖል የተባለውን አልኮል ቶሎ እንዲዋሃዱ ያደርጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ዘጠና ሦስት በመቶ ነዳጅ ሰጠ። ሁለተኛው ዘጠና ሁለት። ሦስተኛው፣ ያው ዘይት፣ ያው ሙቀት፣ ያው ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ አርባ አንድ ሰጠ። ሦስቱ ካልተቀራረቡ ወይም ያልተቀራረቡበት ምክንያት ካልተገኘ ጽሑፉ አይቀርብም። የማስገቢያው መጨረሻ ደግሞ የፊታችን ዓርብ ነው። አንድ የሳሙና ፋብሪካ ወሩ ሳያልቅ ማስረጃዋን ካመጣች በጥራት ተቆጣጣሪነት ሊቀጥራት ቃል ገብቷል።

ሰብሳቢዋ ወደ ውይይቱ ከመገባቱ በፊት አንድ ነገር በመዝገብ እንዲሰፍርላቸው ጠየቁ፤ እሱም ይህ ቤት ለአሥራ አራት ወር እንቁላል ሲበላ መኖሩ፣ ጎረቤትም ቅርፊት በፌስታል እያመጣ ሲያግዝ መክረሙና ከእንግዲህ ዶሮ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን የሚያዞሩ መሆኑ ነው። ሰፍሯል።

አጎታችን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ሁለት ሙከራ ተስማምቶ አንዱ ካፈነገጠ ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ያለቀ ስለሆነ አርባ አንዱ ውድቅ ይደረግ አሉ። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ትኬት የሌለውን ተሳፋሪ አስወረዱት እንጂ ለምን ትኬት እንደሌለው ሲመረምሩ አውቶቡስ እንዳላቆሙም አስረዱ። ምሩቋ ቁጥር ተሳፋሪ አይደለም ብላ መለሰች። አጎታችን መልሱ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ እንዳይመዘገብ ጠየቁ።

አክስታችን ለሁሉም የሚበጀው ማማከል ነው አሉ። ሦስቱ ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል ሰባ አምስት ግድም መጣ። ሰባ አምስት በእሳቸው ዘመን በደንብ ያሳልፍ እንደነበር፣ ከዚያም በታች አምጥተው ያለፉ ዛሬ ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡ እንዳሉ ገለጹ። ምሩቋ እንዲህ ያለ አማካይ እውነቱን ይሸፍናል እንጂ አይገልጥም አለች። ያን ጊዜ አጎታችን እንግዲያው ጥፋቱ የዘይቱ እንዳይሆን የሚል ጥርጣሬ ሰነዘሩ። አክስታችን ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቦርሳቸውንም አነሡ። እስከ በሩ ሄዱ። ሰብሳቢዋ በሁለት እጅ ይዘው መለሷቸው፤ ስብሰባው በዚህ ምክንያት አሥራ ሰባት ደቂቃ አጥቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦

ውሳኔ 1፦ ሦስተኛው ሙከራ እንዳልተደረገ ይቆጠር። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ (ምሩቋ) አለፈ። አባታችን ድምፅ አልሰጡም። ጸሐፊ ድምፅ የላትም ተብሏል።

ውሳኔ 2፦ ዘይቱ ንጹሕ ነው። በሙሉ ድምፅ።

ውሳኔ 3፦ ከዛሬ ጀምሮ ማንም የቤተሰቡ አባል ምሩቋን «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ብሎ እንዳይጠይቅ። ውሳኔው እንደጸደቀ አክስታችን ለመሆኑ መቼ እንደምትጨርስ ጠየቋት። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

ምሩቋ እስካሁን የተናገረችው ሁሉ የላብራቶሪ ወሬ ነበር። እዚህ ላይ ግን እጇን ሳታወጣ ተናገረች፤ እንዳለችው አስፍሬዋለሁ።

«ውድቅ ማድረጉን እኔም አስቤው ነበር። ሐሙስ ዕለት አርባ አንዱን ትቼ ዘጠና አንድ ብዬ ጻፍኩ። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁትና ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን መክፈት አቅቶኛል።»



አጀንዳ 2፦ የውጤቱ ምክንያት

ሰብሳቢዋ አባታችን ከተቀመጡ ጀምሮ አንድ ቃል አለመተንፈሳቸውን ተመልክተው፣ ቤተሰቡ አፍ የለሽ አባል እንደማያስፈልገው በማሳሰብ የመናገር ተራ ሰጧቸው። አባታችን ተራቸውን ለአክስታችን ለመስጠት ሞከሩ። አልተፈቀደላቸውም።

አባታችን በመጀመሪያ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ መናገር ጀመሩ። አጎታችን ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው ሊያቋርጧቸው ሲሉ ሰብሳቢዋ በዓይናቸው መለሷቸው። አባታችን ቀጠሉ። ባለፈው ወር የላብራቶሪው ዕቃ ሲቆጠር ቁምሳጥኖቹ ስለታሸጉ ምሩቋ ለሦስተኛው ሙከራ ያስቀመጠችውን ዱቄት በብልቃጥ አድርጋ ቤት አምጥታው ነበር። አባታችን ብልቃጡን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አዩት። ከፈቱት። በጣታቸው አሹት፣ አወቁት። ኖራ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ኖራ፣ ያውም ከዚያ ነጥቶ፣ ከዚያ ልሞ። ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ጀርባ አንድ ስንጥቅ ነበር። ሁለት ማንኪያ ወሰዱና ደፈኑት። ክዳኑን መልሰው ሲገጥሙት ጥርሱ ላይ ዱቄት ገብቶ ስለነበር አልጠበቀም፤ ፌስታል ጣል አድርገውበት ሄዱ።

ምሩቋ በዚህ ጊዜ ብድግ አለች። አባታችን ቀና ብለው አላዩዋትም። የተናገሩት ይህ ነው፦

«ኖራ አየር ካገኘው ይሞታል ልጄ። መልኩ ያው ነው፤ ስታዪው ደህና ነው፤ ግን ሞቷል። ይህን ማንም ቀቢ ያውቃል። እኔ የተረፈ መስሎኝ ነው የነካሁት። ኋላ ሙከራው ተበላሸ ብለሽ ስታለቅሺ ሰማሁና ገባኝ። ልነግርሽ በርሽ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። አፌ እምቢ አለኝ።»

አክስታችን የወንድማቸውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። አጎታችን ጥፋተኛ በገዛ አፉ ካመነ ቅጣት ሳይወሰን ስብሰባ እንደማይዘጋ አሳሰቡ።

ውሳኔ 4፦ አባታችን በዚህ ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ማናቸውም ብልቃጥ አጠገብ እንዳይደርሱ፤ የጨውም ቢሆን። በአራት ድጋፍ አለፈ። ከደገፉት አንዱ ራሳቸው አባታችን ናቸው።

ምሩቋ በዚህኛው ድምፅ አልሰጠችም፤ ሥራ ይዛ ነበር። ብልቃጡ ስንት ቀን እንዲያ እንደቆየ አባታችንን ጠየቀቻቸው። ስንጥቁን የደፈኑት በመብራት ክፍያው ቀን ነበርና ከዚያ ተነሥተው በጣታቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ ቀን ሆነ። ዝናብ ነበር ወይ አለች። ነበር አሉ። ዱቄቱ ተጓጉሎ ነበር ወይ፣ ሞቶ እንደሆነ መልሶ ቢጋገር ይነሣል ወይ፣ በድሮ ሥራቸው እርጥብ ኖራን ምን ያደርጉት ነበር ብላ በላይ በላዩ ጠየቀች። አባታችን አንገታቸውን እያቀኑ መመለስ ጀመሩ። ምሩቋ የጸሐፊዋን እስክርቢቶ ከእጇ ስለነጠቀች ከዚህ በታች ያለው በእርሳስ ተጽፏል።

ከዚያ ለአማካሪዋ መምህር ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መምህሩ ሦስተኛው ሙከራ ከጽሑፉ ቢወጣ ስማቸውን እንደማያኖሩበት፣ ምክንያቱ በሙከራ ከተረጋገጠ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንደሚሆን ተናገሩ። ለዚህ ሦስት ሳምንት የማራዘሚያ ደብዳቤ ሊጽፉላት እንደሚችሉ፣ ፋብሪካውን ግን ራሷ ማነጋገር እንዳለባት አከሉ። አጎታችን መምህሩ አባል ስላልሆኑ ንግግራቸው በሥነ ሥርዓት ተቀባይነት እንደሌለው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው አስታወቁ። መምህሩ ማን እንደሆኑ ጠየቁ። ምሩቋ አመስግና ስልኩን ዘጋች።

ምሩቋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ባለጉዳይ በሌለበት መቀጠል ስለማይቻል ስብሰባው ለአጭር ዕረፍት ተቋረጠ።

ዕረፍቱ ሠላሳ አምስት ቀን ፈጀ።

ስብሰባው በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠለ። ሰብሳቢዋ ስብሰባው ተዘግቶ የማያውቅ በመሆኑ አዲስ ቃለ ጉባኤ እንደማያስፈልግ ስላዘዙ እዚሁ ላይ ቀጥሏል።

ምሩቋ ሪፖርት አቀረበች። ዱቄቱን በአምስት ሳህን ከፍላ አየር ላይ አሰጣችው፤ አንዱን ለአንድ ቀን፣ ሌሎቹን ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባትና ለዘጠኝ። ቀኑ በጨመረ ቁጥር ነዳጁ ቀነሰ። ዘጠኝ ቀን የተሰጣው አርባ ሦስት በመቶ ሰጠ። የሞተውን መልሳ በእቶን ስትጋግረው ደግሞ ዘጠና አንድ ሰጠ። ይህ ዘጠና አንድ ከእቶን የወጣ እንጂ ከእስክርቢቶ የወጣ አለመሆኑን ተናገረች።

የሳሙና ፋብሪካውን በተመለከተ፣ እንዲጠብቋት ሁለት ጊዜ ሄዳ ብትለምንም ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ምሩቋ ያንን ቀን ለማንም ሳትናገር በጊዜ ተኛች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ላብራቶሪዋ ሄደች። አሁን ሦስት ቦታ አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው።

ቀጥሎ ጽሑፏን ስለተከላከለችበት ቀን ተጠየቀች፤ ሐሙስ ነበር፣ ሁላችንም ሄደናል። ምሩቋ ራሷ መናገር ስላልፈለገች ጸሐፊዋ እንድታስረዳ ተደረገ። ከውጭ የመጡት ፈታኝ ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ደርሰው ቆሙ። እዚያ ላይ «ኖራ አየር ካገኘው ይሞታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከግርጌው ደግሞ «የቃል መረጃ፣ የአርባ ዓመት ልምድ ካላቸው ቤት ቀቢ» ይላል። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው እኚህ ሰው በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቁ። አባታችን ከመጨረሻው ረድፍ ተነሡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ፤ እንደተከሰሰ ሰው። ፈታኙ ጥቂት አይተዋቸው፣ የእሳቸውም አባት ግንበኛ እንደነበሩና ይህንኑ ይሉ እንደነበር ተናገሩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ከጥቃቅን እርማት ጋር አለፈች።

በዚህ መሠረት ቀደም ሲል የተላለፉት ውሳኔዎች ምን ይሁኑ የሚል ጥያቄ ተነሣ። አጎታችን የጸደቀ ውሳኔ የሚሻረው በሙሉ ድምፅ ብቻ ነው አሉ፤ የት እንደተጻፈ ሲጠየቁ እዚሁ አሁን ይጻፍ አሉ። ተጽፏል። አክስታችን የዘይቱ ንጽሕና ለብቻው ተለይቶ እንዲቆይላቸው ቢከራከሩም፣ ምሩቋ የዘይቱ ምርመራ በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ በቁጥር የሰፈረ ስለሆነ የቤተሰብ ውሳኔ እንደማያስፈልገው አሳየቻቸው። ገጹን ፎቶ አነሡትና ተስማሙ።

ውሳኔ 5፦ ከ1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ፣ የተሰጠውም ማስጠንቀቂያ ጭምር፣ ተሽሯል።

ድምፅ ሲሰጥ አምስት እጅ መውጣት ነበረበት፤ አራት ወጣ። አባታችን አራተኛው ውሳኔ የሚገባቸው ቅጣት ስለሆነ እንዲሻር እንደማይሹ ገልጸው እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች አደረጉ። ሰብሳቢዋ ለመኗቸው። አጎታችን አስጠነቀቋቸው። በመጨረሻ ምሩቋ ከወንበሯ ተነሥታ ዞራ ሄደች፤ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥታ፣ በራሷ እጅ ይዛ ከፍ አደረገችው። አጎታችን በሰው ድጋፍ የወጣ እጅ ይቆጠራል ወይ የሚል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነበራቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ሳይጠይቁት መልሰው ዘጉት።

በሙሉ ድምፅ አለፈ። ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ተዘጋ፤ እጁ ግን ጸሐፊዋ ይህን ጽፋ እስክትጨርስ አልወረደም።