ሐሙስ እንዳይዘንብ በድምፅ ብልጫ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ዲላ ከተማ፤ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ከበዓል ስላልተመለሰ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡30 ተጠርቶ 4፡15 ተጀመረ

የተገኙ የአየር ጠባይ መግለጫ ኮሚቴ አባላት፦
1. አቶ እስክንድር ወልዴ – ሰብሳቢ
2. አቶ ዘነበ ጂግሶ – የእንግዳ አቀባበል ተጠሪ
3. ወ/ሮ ጸሐይ ሮባ – የዝናብ መለኪያ አንባቢ
4. አቶ አማኑ በራሶ – የአርሶ አደሮች ተወካይ፣ ከኮንጋ

ድምፅ የማትሰጥ ጸሐፊ፦ ወ/ሪት ሀኒ ታምሩ

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ለፋሲካ ወጥተው አልገቡም። ከሰባቱ አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳዎች፦
1. ረቡዕ በገበያው በሞንታርቦ የሚነበበውን የሳምንቱን የአየር ጠባይ መግለጫ ማጽደቅ
2. ሐሙስ ኮንጋ ያለውን የቡና ችግኝ ጣቢያ ስለሚጎበኙ እንግዶች
3. ልዩ ልዩ

አጀንዳ አንድ

ከበላይ አካል የመጣውን ትንበያ ወ/ሮ ጸሐይ አነበቡ። «ሳምንቱ ቀዝቃዛና ያልተረጋጋ የአየር ሁኔታ ይኖረዋል። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ይላል። ወ/ሮ ጸሐይ አክለውም እሳቸው ራሳቸው ዛሬ ጠዋት ከመለኪያው 41 ሚሊ ሜትር ማንበባቸውን፣ መሬቱም ውኃ ጠጥቶ መጥገቡን ገለጹ።

አቶ ዘነበ በበኩላቸው ሰማዩን ከቤታቸው በር ላይ ሆነው ማየታቸውን፣ ሐሙስም ብራ እንደሚሆን አስረዱ። አንባቢ እንዳይምታታበት፦ ይዘንባል ያሉት ወ/ሮ ጸሐይ ሲሆኑ፣ ፀሐይ ትወጣለች ያሉት አቶ ዘነበ ናቸው።

ሰብሳቢው «ያልተረጋጋ» በሚለው ቃል ላይ ቅሬታ እንዳላቸው ገልጸው፣ አካባቢው ሰላም ሆኖ ሳለ በሞንታርቦ «ያልተረጋጋ» ቢባል ሰው ሌላ ነገር እንደሚገባው አሳሰቡ። አቶ ዘነበም «ቀዝቃዛ» የሚለው ይውጣ፣ እንግዶቹ ቀዝቃዛ አቀባበል የተዘጋጀላቸው ይመስላቸዋል አሉ። ወ/ሮ ጸሐይ ቃሉ የሚናገረው ስለ አየሩ መሆኑን ሁለት ጊዜ አስረዱ። ሁለተኛው ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ያለ እንደነበር እንዲመዘገብ ሰብሳቢው ስላዘዙ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ «ቀዝቃዛ» ወጥቶ «ነፋሻማ»፣ «ያልተረጋጋ» ወጥቶ «ልዩ ልዩ ገጽታ ያለው»፣ «ከባድ ዝናብ» ወጥቶ «አመርቂ ዝናብ» እንዲገባ ተወሰነ።

አቶ አማኑ በዚህ ጊዜ የመናገር ዕድል ጠየቁ። እጃቸውን አውጥተው፣ እሳቸው የመጡት ለቃል አለመሆኑን፣ ከኮንጋ በላይ ካለው ዳገት ሥር ሰባት ቤት ሰው እንደሚኖር፣ ዳገቱም በእንሰቱ መካከል መሰንጠቁን ተናገሩ። ሰዎቹ እንዲወጡ ከመንግሥት በኩል ካልተነገራቸው እሳቸውን እንደማይሰሟቸው፣ «አማኑ ፈሪ ነው» እንደሚሏቸውም ገለጹ። ከባዱ ዝናብ በስሙ እንዲጠራ፣ ማስጠንቀቂያውም ዛሬውኑ እንዲነገር ጠየቁ።

ሰብሳቢው ነጥቡ ጠቃሚ መሆኑን፣ ነገር ግን ልዩ ልዩ ሥር የሚታይ መሆኑን፣ ጉዳዩም የሌላ ኮሚቴ ስለሆነ ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው አስረዱ። አቶ አማኑ ቆመው የሚከተለውን ተናገሩ፤ ቃል በቃል ይመዝገብልኝ ስላሉ ተመዝግቧል፦

«እሑድ ስንጥቁ ጣቴን ያስገባ ነበር። ዛሬ ጠዋት እግሬን አስገባሁ።»

ሰብሳቢው አመስግነው ወደ አጀንዳ ሁለት አለፉ። አቶ አማኑ በ5፡10 ሳይፈቀድላቸው ወጡ።

በዚሁ ጊዜ ጸሐፊዋ ከመደርደሪያው ላይ በእጅ የሚያዘውን ድምፅ ማጉያ አውርዳ፣ የንብረት ወጪ ቅጹ ሞዴል 22 ሳይሞላ፣ በር ላይ ደርሳ ለአቶ አማኑ ሰጥታለች። «ከመንግሥት ነው በሏቸው» ማለቷም ተሰምቷል። ሰብሳቢው ይህ እንዲመዘገብ ስላዘዙ ራሷ መዝግባዋለች። የአቶ አማኑ ሞተር ሳይክል ሲነሳ ተሰማ።

አባላቱ ወደ ሦስት ዝቅ በማለታቸው ወ/ሮ ጸሐይ ስለ ምልዓተ ጉባኤው ጠየቁ። የአቶ አማኑ ዣንጥላ ወንበሩ ላይ ስለቀረ እንደተገኙ እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት

አቶ ዘነበ የእንግዶቹን መርሐ ግብር አቀረቡ። ጉብኝቱ በድንኳን እንዳይሆን፣ ድንኳን ዝናብ እንደምንጠብቅ ስለሚያስመስል፣ ይልቁንም ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት ደረቅ እንዲሆንና መግለጫው ላይ እንዲገባ ጠየቁ። ወ/ሮ ጸሐይ ለዝናቡ ደብዳቤውን ማን እንደሚያደርስለት ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ።

ድምፅ ተሰጠ። ሐሙስ ከ3 እስከ 7 ሰዓት እንዳይዘንብ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ዣንጥላው ድምፅ አልሰጠም።

ውሳኔው እየተጻፈ ሳለ ዝናቡ ጀመረ። የቆርቆሮው ጩኸት መነጋገር ስለከለከለ ስብሰባው ለአንድ ሰዓት ተኩል ተቋረጠ። መንገዱ ጎርፍ ስለሆነ ለምሳ መውጣት አልተቻለም። ወ/ሮ ጸሐይ ከቦርሳቸው የበዓል ዳቦ አውጥተው ለሁሉም አካፈሉ፤ ለሰብሳቢውም ጭምር። ጸሐፊዋ አልበላችም። አቶ አማኑ ጋ አምስት ጊዜ ደውላ ስልኩ አልሠራላትም።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ዝናቡ ሲቀንስ በአቶ አማኑና በጸሐፊዋ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ በሁለት ድምፅ ተወሰነ። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ጸሐፊዋ እንድታዘጋጅ ታዘዘች። የራሷን አዘጋጅታ የአቶ አማኑን ስትጀምር፣ በ7፡50 ስልኳ ጠራ። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

አቶ አማኑ ነበሩ። በድምፅ ማጉያው ከቤት ቤት እየዞሩ መጥራታቸውን፣ ስድስቱ ቤት ወዲያው መውጣቱን፣ እማማ መነን የተባሉ አሮጊት ግን ላሜን ትቼ አልሄድም ብለው ሲከራከሩ ጊዜ መሄዱን፣ በመጨረሻ እሳቸውን በጀርባ፣ ላሟን በገመድ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ማድረሳቸውን ተናገሩ። ከዚያ ዳገቱ ተንዶ ወረደ።

ጸሐፊዋ የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀች።

«ቆጥሬያለሁ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ሁሉም አሉ። ቤት ግን ሁለት የለም። የእማማ መነን አንዱ ነው።»

ወ/ሮ ጸሐይ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አቶ ዘነበ ስለ መንገዱ ጠየቁ። አቶ አማኑ ወደ ችግኝ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ከጭቃው ሥር መሆኑን መለሱ። አቶ ዘነበ ወጥተው ስልክ ደውለው ተመለሱና ጉብኝቱ ላልተወሰነ ጊዜ መተላለፉን ገለጹ።

ሰብሳቢው ኮሚቴው ማስጠንቀቂያውን በወቅቱ አድርሶ የሰው ሕይወት ማትረፉ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ዘነበ ደገፉ። ወ/ሮ ጸሐይ ሐሳቡን እንደማይቃወሙ፣ ነገር ግን ይኸው ቃለ ጉባኤ ገጽ ሁለት ላይ ሐሙስ እንደማይዘንብ፣ ገጽ ሦስት ላይ ሰው ያተረፉት እንዲቀጡ እንደሚል አስታወሱ። ሰብሳቢው ገጾቹ ይውጡ አሉ። ጸሐፊዋ ገጾቹ ቁጥር እንዳላቸው ገለጸች። ይህን ስትል ቀና ብላ ሰብሳቢውን አይታለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

የአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። መግለጫው እንደመጣ፣ ቀዝቃዛም ያልተረጋጋም እንደሆነ ይነበባል። የሁለቱ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ይቀደዳሉ። ኮሚቴው ዛሬ እንዳልተሰበሰበ ይቆጠራል።

አልተካሄደም የተባለው ስብሰባ ከቀኑ 8፡20 ላይ ተጠናቀቀ።

ጸሐፊ፦ ሀኒ ታምሩ (ፊርማ)
ሌሎች አባላት፦ ስላልተገኙ አልፈረሙም