ሰሊጥ ስብሰባ አይጠብቅም

ታላላቆቹ አገሮች ስለ ሥራ ሊመካከሩ ደግሞ ተሰበሰቡ አሉ። ያለው ሬዲዮው ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ሥራው ወዴት እንደሚያዘነብል ያጠናሉ፣ በሥራ ገበያም ይተባበራሉ አለ። ደግ ነው። እኔ ግን በእጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ ሳነብ ያረጀሁ ሰው ነኝና አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ገበያ ካሉት፣ ዕቃው ማን ነው?

ትብብርማ ገዳሪፍም አለ። ከጎንደር ወጥቼ፣ ድንበር ተሻግሬ እዚህ ጸጉሬ እስኪነጣ፣ ባለ እርሻዎቹ ሳይተባበሩ የቀሩበት መኸር አላየሁም። ክረምቱ ሲወጣ ሻይ ይጠጡና የአጨዳውን ዋጋ አንድ ያደርጋሉ። ከአንዱ እርሻ ጥሎ የወጣ አጫጅ ሌላው ዘንድ እንዳይቀጠርም ይማማላሉ። አገሩ በጦርነት ሲታመስ እንኳ ይህች ስምምነት አልተናጋችም። ኮት ብታለብሷቸው የዓለም ጉባኤ አይሆኑም ትላላችሁ?

ማንም ያልጻፈው ደንብም አላቸው። አጫጅ ሲመጣ በትራክተር ተሳቢ እየዘፈነ ይመጣል። ሲመለስ በእግሩ ነው። ለምን ቢሉ፣ ትራክተሩ ያን ጊዜ ሰሊጥ ጭኗል። ሰሊጥ ክቡር ነው፤ አይራመድም።

አምና ቁረይሻ ከምትባል መንደር አጠገብ ለአጫጆች አበስል ነበር። ሙላት የሚባል የመተማ ሰው ማጭዱ ስቶ ቁርጭምጭሚቱን በላው። ከነጠላዬ ቀድጄ አሰርሁለት። በማግስቱ እግሩ አብጦ ትኩሳት ያዘው። ተቆጣጣሪያችን ዑስማን ዘንድ ሄጄ፣ ትራክተሩ ከተማ ያድርሰው አልሁት። ዑስማን ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ያ ሐጃ፣ ትራክተሩ ሥራ ላይ ነው። ማአሌሽ» አለኝ።

ክርስቲያኗን አሮጊት ሐጃ ማለቱን እንደ ሹመት ተቀብየዋለሁ። ማአሌሹን ግን እንቢ። እዚህ አገር ግመል ቢረግጥህም ማአሌሽ፣ ጎጆህ ቢቃጠልም ማአሌሽ ነው። አይዞህ ማለት ነው ይላሉ፤ እኔ የሰማሁት ግን ሁልጊዜ ከረጋጩ አፍ ነው።

ተመልሼ እሳቴን አጠፋሁ። አሲዳ የምንለው የማሽላ ገንፎ ዱቄት እንደሆነ ቀረ። አጫጆቹ ምሳው የታለ ብለው መጡ። ሙላት ሲታከም ይደርሳል አልኋቸው።

አንዱ ቀልደኛ፣ «እማማ፣ የቆሰለው የእሱ እግር፤ የኛ ሆድ ምን አደረገሽ?» ብሎ አሳቃቸው። ስቀው ሲያበቁ ግን ማጭዳቸውን ከግራሩ ሥር ከመሩና ቁጭ አሉ።

ሰሊጥን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ደርሶ ካልታጨደ ፍሬ መያዣው አፉን ይከፍትና ያን ሁሉ ሀብት መሬት ላይ ያራግፈዋል። ማስፈራሪያ አይሰማም፣ ማባበያም አይገባውም።

ዑስማን መጣ። ለመነ፣ ጮኸ፣ በመጨረሻ ያችን ትብብር መዘዛት። ከዚህ ብትወጡ እስከ ፋሽጋ ድረስ የሚቀጥራችሁ የለም፣ ተማምለዋል አለ። ማንም አልተነሣ። ሙላት ከተኛበት ሆኖ፣ «በኔ የተነሣ እንጀራችሁን አትጡ» ቢላቸው፣ ያ ቀልደኛ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዝም በል አንተ፤ የምናጣው አሲዳ ነው!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ የትራክተር ድምፅ ሰማን። የጎረቤት ባለ እርሻ ነው። ሻይ ሲጠጡ ከሁሉ አብልጦ የማለ እሱ ነበር አሉ። ታዲያ የእሱም ሰሊጥ አፉን መክፈት ጀምሮ ኖሮ፣ ሥራ የፈታ አጫጅ አለ ሲሉት ጊዜ መሐላው ጠፍቶበት መጣ። ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ እጨዱ አለ። መጀመሪያ ይህን ሰው ገዳሪፍ አድርስ አልነው። ወላሂ እያለ ራሱ ደግፎ አነሣው።

ይህን ያየ ዑስማን የእኛን ትራክተር አስነሥቶ እየከነፈ ደረሰ። «ሰውየው የኔ ነው! የማደርሰው እኔ ነኝ!» ጠዋት አንድ ትራክተር ላጣ እግር ማታ ሁለት ቆሙለት። ሙላት በዑስማን ትራክተር ሄደ፤ ዛሬ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይራመዳል። እኔም እሳቴን አነደድሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያሉ አሳደጉን። ተረቱን ያወጣው ሰው አንበሶችም እንደሚያብሩ አላሰበም። ቢሆንም አትፍሩ። የአንበሶች ማኅበር የሚጸናው ሰሊጡ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው፣ ታላላቆቹ ስለ ሥራችሁ ተስማሙ ባላችሁ ቁጥር ውሳኔውን አትጠይቁ። ሰሊጣቸው ምን ላይ እንደ ደረሰ ጠይቁ።

ከዚያ ቁጭ በሉ።