የሌዘር መለኪያና የኩሽናዬ ግድግዳ

ሰው ስለ ጤናው ሲጠራጠር «ይሻለኛል» እያለ ይከርማል። ስለ ቦታው ሲጠራጠርስ? እኔ ልንገራችሁ፤ እንቅልፍ ያጣል።

የነቀምቴው ሰፈራችን በመሬት ቀያሾች ሊለካ ነው የተባለ ዕለት ዓይኔ ኩሽናዬ ላይ ተተከለ። ከጎረቤቴ ከኦቦ ፈይሳ ጋር የምንዋሰነው በኩሽናው ግድግዳ ነው። ግንበኛው ገመዱን የወጠረው በግምት እንደነበር ትዝ አለኝ። ቀያሾቹ መጥተው «ድንበር አልፈሃል፣ አፍርስ» ቢሉኝስ? እነሱ ሳይደርሱ ግቢዬን ለክቼ፣ በይዞታ ወረቀቴ ካለው ልክ ጋር አስተያይቼ እውነቱን ለብቻዬ ማወቅ ፈለግሁ። ባለቤቴ ጫልቱ ግን «ዝም አይነቅዝም፤ ምን አስነካህ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ጭንቀት ግን መቼ ምክር ይሰማል?

ደግሞም ሜትር ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ የሚለካ ሰው፣ ሰፈሩን ሁሉ ለምስክርነት እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ ባንድ ቦታ ቆመው የሚጫኑት፣ በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ድምፅ ይልክና ድምፁ ከግድግዳ ሲመለስለት ርቀቱን ይናገራል። ሲሞክርልኝ አንዲት ወይዘሮ በመሃል አለፉ፤ መሣሪያው ግድግዳውን ትቶ እሳቸውን ለካ። ዶሮና ፍየል ለሚተራመስበት ግቢዬ ይሄ አይሆንም። ሁለተኛው ቀይ ብርሃን የሚልክ ሌዘር ነው፤ ነጥቧ ያረፈችበትን ብቻ ይለካል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ነጥቧ ለጎረቤት ትታያለች?» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ የሚለኩት ቤት የራስዎ ነው?» አለኝ። አፍሬ ሌዘሩን ገዝቼ ወጣሁ።

በፀሐይ ነጥቧ ለራሴም አልታይ ስላለችኝ አመሻሹን ጠበቅሁ። ከኩሽናው ትይዩ ያለውን አጥሬን ተደግፌ የኩሽናውን ጥግ አነጣጠርኩ። ቁልፉን ስጫን መሣሪያው ዘንበል አለብኝና ነጥቧ ጥጉን ስታ፣ ድንበሩን ተሻግራ፣ ከቤታቸው ብቅ ባሉት በኦቦ ፈይሳ ደረት ላይ አረፈች።

ሽማግሌው ደረታቸውን አዩ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «ማል ጎዼ! ምን አደረግኩ?»

በዚህ ዘመን፣ በእኛ አገር፣ ደረቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያየ ሰው «ኩሽና እየተለካ ነው» ብሎ ያስባል እንዴ?

«ኦቦ ፈይሳ፣ ሜትር ነው! እኔ ነኝ!» እያልኩ ሮጥኩ። ደግፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጫልቱ ውሃ ይዛ ደረሰች፤ አስተያየቷን አልነግራችሁም። ሰውዬው በእጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ስለፈራሁ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የኩሽናውን ነገር፣ ቀያሾቹን፣ ያጣሁትን እንቅልፍ።

ኦቦ ፈይሳ ትንፋሻቸው ሲመለስ «ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «አልፈሃል። ክንድ ያህል ገብተህብኛል። ግድግዳው ሲቆም ቆሜ አይቻለሁ።»

አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

 እሳቸው ግን ወደ መሣሪያው በአገጫቸው እያመለከቱ «ይሄ ነገር ከመሬት በታች ይለካል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኧረ አይለካም።»

«ተመስገን!» አሉ ኦቦ ፈይሳ፤ «የሽንት ቤቴ ጉድጓድ በኩሽናህ ሥር አልፎ ጓዳህ ድረስ ገብቷል።»