የረቡዕና የዓርብ ፍቅር

ሰው የሚጾምበት ምክንያት ብዙ ነው። ለነፍሱ የሚጾም አለ፤ እሱን እግዜር ይቀበለው። የሥጋ ዋጋ አስጹሞት ሲያበቃ «እኔ እንኳ ወድጄ ነው» የሚል አለ፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አንዳንዶቻችን እንዲያውም በጣም በቅርብ። ቀበቶው ስለጠበበው የሚጾም አለ። ሚስቱ ስለጾመች፣ ማለቴ ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ ስለሌለ የሚጾም አለ፤ ይኼኛው እኔ ነኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነው» ሳትሉኝ አትቀሩም። በሉኝ፣ ግድ የለም። ሰው ለፍቅር ሲል ከእንቁላል ጋር ይጣላል ብሎ የነገረኝ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልነበረም።

ያሳየኝ የገዛ ልጄ ነው። ኖላዊ ይባላል፤ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዓይነ አፋር ነው ብትሉት ያንስበታል። ስልክ ሲጮህ ስልኩን ለእናቱ አቀብሎ ወደ ጓዳ የሚሮጥ ልጅ ነው። ሱቅ ልከነው ባለሱቁ የተሳሳተ ዕቃ ቢሰጠው «ይኼ አይደለም» ከማለት ይዞት ቤት መምጣት ይቀለዋል፤ ሳሙና ፈልገን በሻማ ያመሸንበት ቀን አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ከሆነ የእኛ ልጅ ሺህ ዓመት ሳይነቅዝ ይኖራል። በዚህች ዓለም ላይ በግልጽ የሚወደው ነገር ቢኖር እንቁላል ብቻ ነበር። ባለቤቴ ጽጌ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር «አድገሃል እኮ፣ ጹም» ትለዋለች፤ እሱ ዝም ይላል፤ እሷ ትመክራለች፤ እሱ ዝም ይላል፤ በመጨረሻ እንቁላሉ ይጠበስና ምሳ ዕቃው ውስጥ ይገባል።

ታዲያ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «ማሚ፣ ዛሬ ሽሮ ቋጥሪልኝ» አላት።

ጽጌ መጥበሻውን እንደያዘች ቆመች። «ሽሮ?» አለች። «ሽሮ» አለ። በሚቀጥለው ረቡዕም ሽሮ። ዓርብም ሽሮ። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሰላም ደፈረሰ፤ በደስታ ማለቴ ነው። ጽጌ ጸሎቴ ተሰማ ብላ ስለት አገባች። የነፍስ አባታችን መጥተው በመስቀላቸው ሲባርኩት ልጁ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ እሳቸው ትሕትና መሰላቸው። በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ የሚወጣና የሚወርድ እናት ሁሉ ለልጁ «የኖላዊን አታይም?» ማለት ጀመረ። እኔም አልተረፍኩም። «ልጁ እንኳ ከልቡ እየጾመ» እየተባልኩ ስንት ዓርብ አንገቴን ደፍቼ ምስር ጎረስኩ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ልንገራችሁ። እኛ ጎተራ ብንገባም ትምህርት ቤቱ ካዛንቺስ ነው፤ መሥሪያ ቤቴም እዚያው ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አብረን በታክሲ እንሄዳለን። ልጆቹ ምሳቸውን የሚበሉት ክፍል ውስጥ፣ ዴስክ ገጥመው፣ ምሳ ዕቃውን ሁሉ መሀል ላይ ከፍተው ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚጾሙት በመስኮቱ በኩል፣ የማይጾሙት በበሩ በኩል። መምህር ያወጣው ሕግ አይደለም። የአንዱ ቅቤ የሌላውን ሽሮ እንዳያስገድፍ ራሳቸው ልጆቹ ያመጡት ሥርዓት ነው። በሌላው ቀን ሃምሳ ልጅ ተደባልቆ ሲበላ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ጉልበተኞቹ ናቸው። በጾም ቀን ግን በመስኮቱ በኩል ጥቂቶች ናቸው፤ ለዓይነ አፋርም ቦታ ይተርፋል።

በመስኮቱ በኩል ሶልያና ነበረች።

ሶልያና መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ ዓይነት ልጅ ናት፤ ይህን የነገረኝ አባቷ ነው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። እሷና የእኔው ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ክፍል ቢማሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ተለዋውጠው አያውቁም። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር፦ እሱ የእናቱን ሽሮ መሀል ላይ ያስቀምጣል። እሷ ከሱ ሽሮ ትጎርሳለች። እሱ ከእሷ ጎመን ይጎርሳል። ከዚያ ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። በቃ! የዕድሜ እኩዮቻቸው በስልክ ቀይ ልብ ሲወራወሩ እነዚህ ጎመንና ሽሮ ያቀራርባሉ። ይኼን ሁሉ እኛ አናውቅም። እኛ የምናውቀው ልጃችን መንፈሳዊ መሆኑን ነው።

በትምህርት ቤት በር ላይ ወላጅ የራሱ ስም የለውም። እኔ «የኖላዊ አባት» ነኝ፤ እሱ «የሶልያና አባት» ነው። ሜክሲኮ የመብራት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ልጆቻችንን ስንጠብቅ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲው ሰልፍ እናወራለን፤ እንለያያለን። ሁለታችንም «አንተ» ለመባባል አልደፈርንም ነበር። ሚስቱ ወንድ ልጅ መገላገሏን በነገረኝ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ «የኖላዊ አባት፣ ክርስትና ያንሱልን» አለኝ።

«እኔ?» አልኩ።

«እርስዎ። እንደ ኖላዊ ያለ ጾመኛ ልጅ ያሳደገ ሰው ከየት እናገኛለን? ከባለቤቴ ጋር ተማክረንበታል።»

ክርስትና አንሳ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ እምቢታው ከሕፃኑም ከወላጁም ላይ ፊት እንደማዞር ነው። ደግሞስ ለምን እምቢ እላለሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው መርጦኝ አያውቅም። የዕድር ጸሐፊ እንኳ የሆንኩት የተመረጠው ሰውዬ ስለታመመ ነው። «በደስታ!» አልኩት፤ እጁን ጨብጬ መልቀቅ አቃተኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ አለ የአገሬ ሰው።

ማታ እራት ላይ አበሰርኩ። ጽጌ እልል አለች። እኔም ወደ ልጄ ዞሬ፣ ደስ ይለዋል ብዬ፣ «እንኳን ደስ ያለህ! ያቺ ሶልያና የምትባለው የክፍልህ ልጅ ከእንግዲህ እህትህ ናት!» አልኩት።

ኖላዊ ማኘኩን አቆመ። የጎረሰውን እንደምንም ዋጠና «ጠገብኩ» ብሎ ተነሣ።

በእኛ ዘንድ ክርስትና ማንሳት ሕፃን አቅፎ ፎቶ መነሣት ብቻ አይደለም። ያነሣኸው ልጅ ልጅህ ነው። ወላጆቹ አበልጆችህ ናቸው። ልጆቻቸውና ልጆችህ እህትና ወንድም ናቸው፤ እህትና ወንድም ደግሞ ምን እንደማይሆኑ ታውቃላችሁ። መጽሐፉ የት ድረስ እንደሚከለክል እኔ ሊቅ አይደለሁም። በሰዉ ልማድ ግን ክልከላው እስከ ቤቱ ድመት ድረስ ይሄዳል። ልጄም ይህን ያውቃል፤ እናቱ በበዓል በበዓሉ ስታስተምረው የኖረችው ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ማሚ፣ እንቁላል» አለ።

ኧረ የጽጌን ድንጋጤ! «ልጄን ምን አስነኩብኝ?» ብላ ጸበል ልትወስደው ተነሣች። ዓርብም እንቁላል። እሱንም ሳይጨርሰው ይመልሰዋል። ቀለም ያጠናል እንዳንል መጽሐፉ አንድ ገጽ ላይ ተከፍቶ ያድራል። እናት ናትና በመጨረሻ ነገሩ የገባት እሷ ነች። ቅዳሜ ልብስ እያጠበች፣ እጇን ከነአረፋው ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ልጁን ሳይዳር አፋታኸው!»

ሳቅኩ። በስምንተኛ ክፍል ምን ፍቅር አለ ብዬ ሳቅኩ። እናንተም ሳትስቁ አልቀራችሁም። ሰኞ ጠዋት ግን ከታክሲ ወርደን ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሄድ ኖላዊ ቆመ። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ አዛወረ።

«አባ፣ ክርስትናውን… እምቢ ማለት አይቻልም?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ» አለ እንጂ ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ሻማውን ሳሙና አይደለም ለማለት ያፈረ ልጅ እኮ ነው፤ ይህችን ለመናገር ቅዳሜና እሑድን ሙሉ እንደተለማመዳት አልጠራጠርም። አንጀቴን በላው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የልብ ስብራት ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት አያውቅም ማለት ነው። ነገ ይረሳት ይሆናል። ይርሳት! ግን በራሱ ጊዜ፣ ራሱ ይርሳት እንጂ እኔ በነጠላ ጠቅልዬ፣ በማተብ አስሬ እህቱ ላደርጋት ምን ቤት ነኝ? በሌላ በኩል ደግሞ የሰጠሁት ቃል አለ። ያ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ኮቱን ቆልፎ የለመነኝን ነገር መልሼ ፊቱ ላይ ልጥልበት ነው። የክርስትናው ቀን ደግሞ ደርሷል፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው።

ሐሙስ ዕለት ካዛንቺስ አንዲት ትንሽ ካፌ ቀጠርኩት። ሁለታችንም ማኪያቶ አዘን ሁለታችንም ሳንነካው ቀዘቀዘ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ታክሲው ሰልፍ አወራን። ከዚህ በላይ የምናወራው ስላልነበረን ወደ ውሸቴ ገባሁ።

«ወገቤ» አልኩት። «ሰሞኑን ወገቤን… ማለቴ፣ ቅዳሴው ረጅም ነው፤ ሕፃን ይዤ ቆሜ እንዳልጥለው ፈራሁ።»

«እንኳን ነገሩኝ!» አለ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። «እኔም እኮ እንዴት ብዬ ልንገርዎት እያልኩ ነበር። ደሴ ያለው ወንድሜ ካላነሣሁ ብሎ አስቸገረኝ።»

የሰው ነገር አይገርማችሁም? ሸክሜ ከወረደልኝ ቅጽበት ጀምሮ ተቀየምኩ። እኔ ሦስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ እሱ እንዲህ በቀላሉ ይተወኛል? ወገብህን ታከም እንኳ አይልም? እሱ ግን ስኳር ያልገባበትን ማኪያቶ ሲያማስል ቆየና፣ «ለመሆኑ ኖላዊ ደኅና ነው?» አለኝ።

«ደኅና ነው። ምግብ ላይ ትንሽ…»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ሳምንት ረቡዕ እንቁላል ጠየቀ?»

«እንዴት አወቁ?»

«የእኛይቱም ጠየቀች።»

ተያየን። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ አስተናጋጇ ዞራ እስክታየን፣ እንባችንን እስክንጠርግ ሳቅን። ለካ ሶልያናም ጾም የሚባል አታውቅም ነበር! አንድ ረቡዕ እናቷ እርጉዝ ሆና ደክሟት ያደረውን ጎመን ቋጠረችላት፤ ልጅት በጎመኗ አፍራ በመስኮቱ በኩል ከጾመኞቹ ጋር ተቀመጠች። ዓርብ ዕለት ያ ዝምተኛ ልጅ ሽሮውን ይዞ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በጾም ቀን እንቁላል እንዳታሳዩኝ አለች። የእነሱም ቤት ተመስገን ተብሏል። የእነሱም የነፍስ አባት መጥተው ባርከዋል። እህትህ ናት፣ ወንድምሽ ነው ከተባሉ በኋላ ደግሞ በየቤታቸው አኩርፈው፣ ሁለቱም በበሩ በኩል ተቀምጠው፣ የማይበሉትን እንቁላል ይዘው ሰንብተዋል።

«ትናንት ማታ» አለኝ የሶልያና አባት፣ ሳቁ አልቆ፣ «'አባዬ፣ ሌላ ሰው የለም?' ብላ አለቀሰች። አንድም ነገር ጠይቃኝ የማታውቅ ልጅ ናት። አንተን እንዳላስቀይም እሷንም እንዳላስከፋ መሀል ቤት ልሞት ነበር።» «አንተ» ያለኝ ሳያስበው ነው። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ተባብለን አናውቅም። ሲነሣ ግንባሩን ያዘ። «አሁን ገና ያንን የደሴውን ወንድሜን መለመን ሊኖርብኝ ነው፤ ጭራሽ አልሰማም እኮ!»

ወንድምየው መጣ፤ እግዜር ይስጠው። ሕፃኑ ተጠመቀ፣ ማተቡ ታሰረ፤ እኛም ቤተሰቡን ሙሉ ለግብዣው ካዛንቺስ እነሱ ቤት ሄድን። ኖላዊ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ነበር። እሱና ሶልያና ከድንኳኑ ጥግ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመሀላቸው ሌላ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ቦታ ትተው። እኔ ይጋባሉ እያልኳችሁ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ይለያያቸው ይሆናል፤ ሰፈሩም እየፈረሰ ነው፣ ማን የት እንደሚገባ አይታወቅም። እኔ ያመሰገንኩት ለነገው አይደለም። አፍ የሌለው ልጄ አፍ አውጥቶ ስለለመነኝ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ እዚያ ማዶ ለልጁ ብሎ እንደኔው ስለተጨነቀ ነው። ሰው አገኘሁ። በዚህ ዕድሜ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የአክብሮት ቦታ ላይ መቀመጤን፣ ጋባዡም ከሁሉ አስቀድሞ ለእኔ መቅዳቱን አይተው ኖሮ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አሉኝ፤ ጆሮአቸው ከበድ ስለሚል ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። ኖላዊ ቀና አለ። ብርጭቆውን እንደያዘ ያየኛል።

«ምናቸውም አይደለሁም፣ አባቴ» አልኩ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ባዕድ ነኝ።»

የሶልያና አባት የወጥ ድስቱን እንደያዘ ከወዲያ «እውነቱን ነው፤ ባዕዳችን ነው! እግዜር ያቆይልን!» አለ። ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ፤ አማተቡ።

ልጄ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ ወደ ሶልያና ዞሮ፣ ጆሮው እንደቀላ የሆነ ነገር ተናገራት፤ እሷም መለሰችለት፤ እሱ ደግሞ ቀጠለ። ጽጌ በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ምን አላት?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ? ባዕድ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።