የሊቀ ከፋይ ካሣ ሦስት ካርዶች

አንድ ተራ ማክሰኞ ጋሽ ካሣን ስንት ያስወጣቸዋል? ልንገራችሁ። ኦክላንድ መሃል ያለችው የጽሕፈት መኪና መጠገኛ ሱቃቸው ኪራይ በቀን ሲታሰብ አምስት ዶላር ይሆናል። ቤንዚን፣ በዚህ የነዳጅ እጥረት ዘመን ወረፋው ደርሷቸው ከተገኘ፣ አንድ ዶላር። ሪባንና ዘይት ሁለት። ለራሳቸው ምሳ፣ ጨጓራቸው ሌላ ነገር ስለማይቀበል፣ አንድ ሳህን የቲማቲም ሾርባ፣ ስልሳ ሳንቲም። እስከዚህ ድረስ ማንም ትንሽ ነጋዴ ይችለዋል። ከዚያ ግን እሳቸው ሾርባቸውን ሲጠጡ አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች የበሉት ስቴክ ይመጣል፤ አሥራ አምስት ዶላር።

ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሐበሻ አለ፦ ሒሳብ ሲመጣ የሚሻማና ሒሳብ ሲመጣ የጫማውን ክር የሚያስር። ጋሽ ካሣ ከሁለቱም በላይ ናቸው፤ ሒሳቡ ሳይመጣ ከፍለው ይጨርሳሉ። "እጄን ልታጠብ" ብለው ይነሳሉ፣ ካርዳቸውን ለአስተናጋጇ ይሰጣሉ፣ እጃቸው እንደደረቀ ይመለሳሉ። እኛ ተሟግተን፣ ተማምለን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ስናበቃ "ተከፍሏል" እንባላለን። "እኔ እያለሁ?" ይላሉ እሳቸው፣ እንደተሰደበ ሰው። ስለዚህ በገዛ ሥልጣኔ ሊቀ ከፋይ ብዬ ሾሜያቸዋለሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን ሱቃቸው ውስጥ እሠራለሁ። ስልክ አነሳለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ፤ የአራት ዓመቷ ልጄ ሶፍያ ከጠረጴዛ ሥር የተሰበሩ የመኪና ፊደላት ስትለቅም ትውላለች። ስለዚህ ስቴኩ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። "ቢዝነስ ነው፣ ደምበኛ ነው" ይላሉ። ደምበኛው ግን የጽሕፈት መኪናውን አስጠግኖ "ሲመችህ ትከፍላለህ" ተብሎ፣ በላዩ ሪባን ተመርቆለት የሚሸኝ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ካርድ ሲሞላ ሁለተኛውን አወጡ። ከሁለተኛው ጥሬ ገንዘብ ወስደው የመጀመሪያውን ከፈሉ። በሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛውን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ሒሳብም አይከብደኝም ነበር። ሦስቱም ካርዶች እየተከፈሉ ዕዳው እንዴት እንደሚያድግ ግን እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

ባለፈው ወር የሱቁ አከራይ መጣ። የሁለት ወር ኪራይ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገባ ቁልፉን ሊረከብ። ኪራዩ የት ሄደ? ወደ ካርዶቹ።

ያን ጊዜ አማካሪው በዛ። መጀመሪያ የመጣው ብርሃነ መስቀል ነው፣ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬቱን በየዓመቱ "ዘንድሮ እጨርሳለሁ" የሚለው። "ሦስቱን ዕዳ በአንድ ሎን ይጠቅልሉት" አለ።

"ዕዳው ያንሳል ማለት ነው?" አልኩት።

"አያንስም።"

"ታዲያ?"

"ኢንተረስቱ ነው የሚያንሰው።"

"እንግዲያው የሦስት ድስት ወጥ አንድ ድስት ውስጥ ገለበጥን። ወጡ ያው ነው፣ የሚታጠበው ድስት አነሰ።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ!" አለኝ ደስ ብሎት። እኔ ግን የተናገርኩት ለራሴም አልገባኝም።

አንድ ደምበኛ ደግሞ "ባንክራፕሲ ፋይል ያድርጉ፤ ከስሬያለሁ ብለው ፍርድ ቤት ያመልክቱ" አላቸው። ጋሽ ካሣ ሳምንት ሙሉ አኮረፉት፤ ምሳውን ግን ከፈሉለት። እኔ በበኩሌ እቁብ እንጣልና የመጀመሪያውን ዕጣ ለሳቸው እንስጥ አልኩ። "ሲደርሳቸው ለተቸገረ ሰው ይለቁታል" አለኝ ብርሃነ መስቀል። እዚህ ላይ ዶክትሬት የሚገባው ነው።

ሳን ሆዜ ባንክ ውስጥ የምትሠራው ጓደኛዬ ውብዳር ነገሩን አሳጠረችው። "መጀመሪያ ካርዶቹን ያቁሙ። ከዚያ ባንኮቹን ራሳቸው ኮል አድርገው 'በወር የምችለው ይህን ያህል ነው' ይበሉ። ባንክ የሚያሳድደው የሚደበቀውን ነው።"

ይህን ሁሉ አማራጭ ቁጭ ብለን እንምከር ተባለ። የት? ሐበሻ አይደለን፣ ምሳ ላይ ነዋ!

ውብዳር ከሳን ሆዜ መጣች። ጋሽ ካሣ ሾርባ፣ እኛ ስቴክ፣ ሶፍያ አይስክሬም። ጠቅልሎ መበደር ይሻላል፣ ደውሎ መለመን ይሻላል እያልን ስንጯጯህ፣ "እጄን ልታጠብ" ብለው ሲነሱ ልብ ያለ የለም። ተመልሰው ከተቀመጡ ብዙም አልቆየ፣ አስተናጋጇ መጥታ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። ካርዱን ወደሰጠው ባንክ ደውላ ጠይቃ ነበር፤ ካርዱ ታግዷል፣ አትመልሺለት ተብላለች።

ማንኪያቸው ሾርባው ውስጥ ቀረ። ያን ጊዜ ሁላችንም የጫማችንን ክር ለማሰር ጎንበስ አልን፤ ፊታቸውን ላለማየት። ክር የሌለው ጫማ ያደረገችው ውብዳር እንኳ።

ቀና ያልኩት እኔ ነኝ። "በሞቴ፣ ጋሽ ካሣ! ዛሬ የሶፍያ ልደት ነው። ማንም ሒሳቡን እንዳይነካብኝ!"

"ኖ፣ ኢት ኢዝንት!" አለች ሶፍያ።

"ነው! አይስክሬምሽን ብዪ።" የሳምንቱን የአስቤዛ ገንዘብ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ እያለሁ?" ድምፃቸው ሰልሏል።

"እርስዎ እያሉ ነው እንጂ! እርስዎ ከሌሉ ምን ልደት አለ?"

 ከዚያ፣ ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሒሳቡን ለቀቁልኝ። "እንኳን ተወለድሽ፣ ሶፍዬ" አሉ። ሶፍያም ወዲያው አመነችና ስጦታዋ የት እንዳለ ጠየቀች።

ሰኞ ዕለት ባንኮቹ ጋ ደወሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ብርሃነ መስቀል ሁለት ጊዜ ቢያስረዳኝም ስምምነቱ በደንብ አልገባኝም፣ ብቻ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል። የቀሩትን ሁለት ካርዶች ውብዳር በመቀስ ቆረጠቻቸው፤ ሶፍያ ቁርጥራጩን ከፊደላቷ ጋር አስቀመጠች። እኔ ደግሞ "ሲመችህ" ለተባሉት ተማሪዎች በየተራ ደወልኩላቸው። አንዱ እያፈረ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ልከፍል መጥቼ ነበር እኮ። ምሳ ጋበዙኝ። ከዚያ በኋላ መክፈል ስድብ መሰለኝ።" ከፈሉ ግን፣ አብዛኞቹ። አከራዩም የአንዱን ወር ኪራይ ተቀብሎ ለሌላው ጊዜ ሰጠ። ሱቋ ትድናለች ብዬ አምናለሁ፤ በምን ሒሳብ አትበሉኝ እንጂ።

ስለሳቸው ለማኅበራችን ጋዜጣ እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራቸው የሚጠግኑትን መኪና አስቀምጠው አሰቡ።

"አንባቢዎችሽን አንድ ነገር ለምኚልኝ" አሉ። "ከእንግዲህ ምሳ አብረን ስንበላ እናንተ ክፈሉ፣ እሺ። ግን ቶሎ አትክፈሉ። ትንሽ ታገሉኝ። እጄን ያዙኝ፣ በሞቴ በሉኝ፣ ሰው ዘወር ብሎ ይየን። ከዚያ አሸንፉኝ።"