ወፍራም ጥይት ወይስ ቀጭን?

ሰው ሁለት ነገር ፊቱ ከቀረበለት አንዱን መርጦ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ሌላውን የመረጠ ጎረቤቱን ካላሳመነ እንቅልፍ አይወስደውም። ሽሮ ይቅጠን ወይስ ይወፍር? በዚህች ብቻ ስንት ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥቶ እንዳደረ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ቤታችሁ ነው። እኔ ግን ሰዎች በጥይት ውፍረት ሲከራከሩ (ልብ በሉ፣ በጥይት ሲታኮሱ አላልኩም) ያየሁት አርሲ ከመጣሁ ወዲህ ነው። ያውም የአንድ ልጅ ትዳር መሀል ላይ ተንጠልጥሎ።

አሰላ የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ነው። ትውልዴ ጎንደር ነው። የአሰላ ሰዎች ደግሞ ጎንደሬ ነኝ ያለ ሰው ጠመንጃ አንግቶ የተወለደ ይመስላቸዋል። እኔ በዕድሜዬ ተኩሼ የማውቀው የቢሮ ስቴፕለር ነው። እሱም ይከሽፍብኛል።

ደምሴ የሚባል ወጣት የሥራ ባልደረባ አለኝ። ሰላም የምትባል የጢቾ ልጅ፣ አሰላ የምታስተምር፣ ልቡን ወስዳዋለች። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ» ሲለኝ ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች አዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው አቶ ጥላሁን፣ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው፣ ንግግራቸው ሁሉ ቃለ ጉባኤ የሚመስል። ሁለተኛው ኦቦ ከድር፣ ስንዴ ገበሬ፣ የደምሴ አባት የልጅነት ወዳጅ።

ከመሄዳችን በፊት ደምሴ ሰብስቦ መከረን። «አባቷ አቶ ይልማ አንድ አመል አላቸው። የመጣባቸውን ሁሉ ‹ወፍራም ጥይት ይሻላል ወይስ ቀጭን?› ብለው ይጠይቃሉ። ጠመንጃቸው ባለ ወፍራም ጥይት ነው፤ ሰላም ነግራኛለች። ሁላችሁም ‹ወፍራም› በሉ። አደራ! አንድ ሀብታም ነጋዴ የላካቸው ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።»

«ወፍራም» አልን በአንድ ድምፅ። ለዚህ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። ጢቾ ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። አቶ ይልማ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን፤ አቶ ጥላሁን እኔን «የጎንደር ሰው ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። አቶ ይልማ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ አስካለ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልን። አቶ ጥላሁን ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ገና ሲጀምሩ፣ አቶ ይልማ እጃቸውን አንሥተው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጠመንጃ ጠቆሙ።

«ጉዳዩ ይደርሳል። መጀመሪያ እሱን እዩልኝ።»

ጠመንጃው እንደኛ አገር ጠመንጃ አይደለም። ከቃታው ሥር እንደ ቀለበት የተጠማዘዘች የብረት እጀታ አለችው፤ እሷን ወደ ታች ገፋ አድርገው መልሰው ሲያነሷት ነው የሚቀባበለው። አውርደው ባዶውን አሳዩን፤ ቀጭ-ቀጭ ሲል አስደሳች ድምፅ አለው።

«ሁለት ነበሩ» አሉ አቶ ይልማ። «መንትያ ናቸው፤ ልዩነታቸው የጥይታቸው ውፍረት ብቻ ነው። ሻጩ ለእኔና ለወዳጄ ለኃይሉ ‹ምረጡ› አለን። እኔ ወፍራሙን፣ እሱ ቀጭኑን ያዝን። በሉ እስቲ፣ ማን ነው የሚሻል የመረጠው?»

አቶ ጥላሁን ፈጠን ብለው «ወፍራሙ፣ ያለ ጥርጥር!» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ኦቦ ከድር ዞርን።

ኦቦ ከድር ጭኮውን አላመጡ። ዋጡ። አፋቸውን ጠረጉ።

«ወላሂ እኔ መዋሸት አልችልም» አሉ። «ቀጭን ነው የሚሻለው።»

የአቶ ጥላሁን ክርን ጎናቸው ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ኦቦ ከድር ግን ይባስ ብለው መቀመጫቸውን ወደ አቶ ይልማ አስጠጉ። «ከርከሮ ድንች ማሳህን ገልብጦ ወደ ገደሉ ሲሮጥ ወፍራምህ ምን ያደርጋል? መንገድ ላይ ይደክመዋል፤ መሬት ይወድቃል። ቀጭን ቀጥ ብሎ ይሄዳል!»

«ሄዶስ?» አሉ አቶ ይልማ፣ ፊታቸው እየቀላ። «ሄዶስ? ይወጋውና አልፎ ይሄዳል፤ ከርከሮው ደግሞ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ስሞ ያድራል! ወፍራሙ ግን ካገኘው አገኘው ነው!»

«ካገኘው!»

«ምን ማለትህ ነው ካገኘው?»

የደምሴ ትዳር በዓይኔ ፊት እንደ ጭጋጉ ሲበተን ታየኝ። ልገላግል ብዬ አፌን ስከፍት አቶ ይልማ ቀደሙኝ። «ቆይ፣ ይሄ ልጅ የጎንደር ሰው ነው አላላችሁም? ጠመንጃ የሚያውቀው እሱ ነው። ፍረድ እስቲ!»

እማማ አስካለ እንኳ ፍርዱን ለመስማት ከጓዳ ብቅ አሉ። ወፍራም ብል ኦቦ ከድርን በሰው ቤት ማሳፈር ሊሆን ነው፤ ቀጭን ብል ሙሽራዪቱን ማጣት።

«እኔ…» አልኩ፣ «መካከለኛ ነው የምወደው።»

ሁለቱ ተከራካሪዎች እኩል ዞረው አዩኝ። «መካከለኛ?» አሉ በአንድ አፍ፤ የዚያን ዕለት የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ጉልበት የለኝም። አቶ ጥላሁን ቃለ ጉባኤያቸውን ጥለው «መካከለኛ የሚባለው የማይወስን ሰው ነው!» ብለው ጮሁብኝ። እኔ ደግሞ፣ ስለማያውቀው ነገር እንደሚናገር ሰው ሁሉ፣ እልህ ያዘኝና ጠረጴዛ መታሁ።

አቶ ይልማ ድንገት ሳቃቸውን ለቀቁት። እስኪያለቅሱ ሳቁ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ኃይሉ ከሞተ ወዲህ» አሉ፣ «እዚህ ቤት ገብቶ የተከራከረኝ ሰው የለም። ያ ነጋዴ የላካቸው ሁሉም ‹ወፍራም፣ ወፍራም› ብለው እንደ ተማሪ አነበነቡልኝ። ዛሬ እኔን ደስ ለማሰኘት የሚዋሽ ሰው፣ ነገ ልጄ ስትበደል እውነቱን ይነግረኛል? እናንተ ግን እርስ በርሳችሁ እንኳ አልተስማማችሁም። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

በመጀመሪያ ቀን! እንደ ወጉ ደጅ ሳንጠና፣ ሳንመላለስ! መርቀው፣ አስመርቀው ሸኙን።

በሚኒባሱ ውስጥ ኦቦ ከድርና አቶ ጥላሁን እስከ አርሲ ሮቤ ድረስ በወፍራምና በቀጭን ተጨቃጨቁ፤ እኔም መካከለኛዬን አለቀቅኩም። ደምሴ ሲደውል ስልኩን ከአቶ ጥላሁን እጅ ነጥቄ «ተፈቀደልህ!» አልኩት። ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ሰማው። ትንፋሹን ሲሰበስብ ጠየቀ፦

«ሠርጉ መቼ ነው ታዲያ?»

አቶ ጥላሁንን አየኋቸው። እሳቸው ኦቦ ከድርን አዩ። ኦቦ ከድር ስንዴ ማሳውን አዩ። ቀን ቁረጡልን ያለ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ አንገታችንን ደፍተን ጢቾ ተመለስን። አቶ ይልማ እንደ በፊቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ጭኮው ቀርቧል።

«አባባ፣ ይቅርታ» አልኩ፣ «ባለፈው ቀኑን መጠየቅ ረሳን።»

«እኔ አልረሳሁትም» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ መሩኝ። «ብነግራችሁ ኖሮ ዛሬ ትመጡ ነበር? በል ተቀመጥ፤ ስለዚያ መካከለኛህ ገና አልጨረስንም።»